የመኪና በር በእጅ ይከፈት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ጊዜ ትጽፋላችሁ። ስለ ቻርጅ ማድረጊያ፣ ስለ ባትሪ ዕድሜ፣ ስለ ዋጋ። ጥሩ ነው፣ አነባለሁ። ስለ በሩ ግን የጻፈ ሰው እስካሁን አላየሁም። እኔ እዚህ ጎንደር በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ መኪናው ተጋጭቶ ሰው ውስጥ ሲቀር በመንገድ የሚያልፍ ሰው ደርሶ ያን በር ሊከፍተው ይችላል ወይ?

የድሮው በር ቀላል ነው። እጀታውን ስትስቡት ከውስጥ ያለው ዘንግ ወይም ሽቦ አብሮ ይሳባል፣ መቆለፊያው ይለቃል፣ በቃ። ባትሪ ኖረ አልኖረ አይመለከተውም። አሁን ከሚገቡት አዳዲስ መኪኖች አንዳንዶቹ ግን እጀታቸው ስዊች ብቻ ነው። ስትነኩት ለኮምፒውተሩ ምልክት ይልካል፣ ኮምፒውተሩ በሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሞተር ያዛል፣ መቆለፊያውን የምትለቀው እሷ ናት። እጀታው ራሱ ከበሩ ላሜራ ጋር ተስተካክሎ የተደበቀ ከሆነ ደግሞ ብቅ የሚለውም በኤሌክትሪክ ነው። ሁሉም የኤሌክትሪክ መኪና እንዲህ ነው አላልኩም። እንደ ድሮው በእጅ የሚሳብ እጀታ ያላቸው ብዙ አሉ፣ በቤንዚን የሚሄዱ ሆነው እንዲህ ዓይነት በር ያላቸውም አሉ። የምናገረው ስለ በሩ ነው፣ ስለ ሞተሩ አይደለም።

ደንበኞቼ "ያን የሚያህል ባትሪ ተሸክሞ እንዴት ኃይል ያጣል?" ይሉኛል። ትልቁ ባትሪ በሩን በቀጥታ አይከፍትም። በሩን፣ መብራቱን፣ መስታወቱን የሚያሠራው እንደ ማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ነው። ከባድ ግጭት ሲኖር መኪናው ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይመታ ብሎ ትልቁን ባትሪ ወዲያው ይቆርጠዋል፣ ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው፣ ግን ከዚያ በኋላ ትንሿን ባትሪ የሚሞላት የለም፣ እሷም በብዙ መኪና ላይ የምትቀመጠው ከፊት ከኮፈኑ ሥር ስለሆነ ከፊት ሲመታ አብራ ትጨፈለቃለች ወይም ገመዷ ይበጠሳል። ያኔ በሩ ጆሮ የለውም። ኤርባግ ሲፈነዳ በሮቹ ራሳቸው እንዲከፈቱ ተደርጎ የተሠራ አለ፣ እሱም ቢሆን በዚያች ቅጽበት መብራት ካገኘ ነው። አንዳንድ አምራቾች ለበሩ ብቻ መጠባበቂያ ኃይል ያስቀምጣሉ። ሁሉም ግን አያደርጉትም።

ከውስጥ ለመውጣት አብዛኞቹ በእጅ የሚሠራ ሌላ መክፈቻ አላቸው። ችግሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። በአንዱ የበሩን እጀታ ሁለት ጊዜ መሳብ ነው። በሌላው ከመስታወት ማዘዣው አጠገብ ያለች ምላስ ናት። የቴስላ ሞዴል ዋይ የኋላ በር ላይ ደግሞ በበሩ ኪስ ውስጥ ምንጣፉን አንስታችሁ፣ ክዳኗን ከፍታችሁ የምትስቡት ገመድ ነው። ከኋላ የተቀመጠች እናት፣ በጭስ ውስጥ፣ በደም ውስጥ፣ ሌሊት፣ ይህን ፈልጋ ታገኛለች? ሕፃኑስ?

እንዲያም ሆኖ ከውስጥ ያለው ሰው ራሱን ከሳተ እነዚህ ሁሉ አይጠቅሙም። የኔ ትልቁ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሰው ከተጋጨ መኪና የሚያወጣው ማን ነው? የመተማው መንገድ ላይ፣ የደባርቁ መንገድ ላይ፣ ከአዘዞ ወደ ባሕር ዳር ስትወጡ፣ መጀመሪያ የሚደርሰው ማጭድ የያዘ ገበሬ ነው፣ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ነው። ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ የያዘ መኪና ቶሎ ይደርሳል ብለን አንጠብቅም። ሰው ሮጦ ይመጣል፣ እጀታ ይፈልጋል፣ ይስባል። ዘመናችንን ሁሉ ሰው ያተረፍነው በዚህ ነው፣ ተሸክመን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያደረስነውም እንዲሁ ነው። አሁን ያ ሰው ሲደርስ የሚያገኘው ለጥ ያለ ላሜራ ከሆነ ምን ያድርግ? መስታወቱን በድንጋይ ይበለው ትሉኝ ይሆናል። የአንዳንዶቹ የጎን መስታወት ሁለት ሽፋን ሆኖ በመሐሉ ላስቲክ ያለበት ነው፣ ልክ እንደ ፊት መስታወት። ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም።

ይህ በሐሳብ የፈጠርኩት ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ቻይና ቼንግዱ ከተማ አንድ የዢያኦሚ ኤስዩ7 መኪና ተጋጭቶ ተቃጠለ። በአካባቢው የነበሩ ሰዎች እየተጯጯሁ በሩን ለመክፈት ታገሉ፣ መስታወቱን ደበደቡ፣ አልሆነላቸውም። ሹፌሩ ሞተ። ቪዲዮውን ዓለም ሁሉ አይቶታል። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. የ2021 ሞዴል በሆኑ 174,000 ገደማ የቴስላ ሞዴል ዋይ መኪኖች ላይ ምርመራ ከፍቶ ነበር። ግጭት እንኳ አልነበረም። ትንሿ ባትሪ ደክማ የውጭው እጀታ እምቢ ብሎ፣ ወላጆች ውጭ ቆመው ልጆቻቸው ውስጥ ቀሩ፣ መስታወት ሰብረው ያወጡም ነበሩ።

እኔም ጋራዥ ውስጥ ተመሳሳዩን አይቻለሁ። በክረምት ብዙ ቀን ቆሞ የነበረ መኪና ነው፣ ትንሿ ባትሪ ሞታለች፣ አራቱም በር ዝም። ባለቤቱ የገዛበት ቦታ ደወለ። "በስልኩ መተግበሪያ ክፈተው" አሉት። ባትሪ የሌለው መኪና ከስልክ ጋር በምን ይነጋገራል? በኋላ እጀታው ሥር የተደበቀችውን የቁልፍ ቀዳዳ አግኝተን ከፈትነው። ባለቤቱ ቀዳዳዋ መኖሯን አያውቅም ነበር፣ ማንም አላሳየውም። በእጀታው ዙሪያ የገባውን ጭቃና አቧራማ አልነግራችሁም። ለእኛ መንገድ የታሰበ ነገር አይደለም።

ደግሞ መቆለፊያ በግጭት ጊዜ ሁለት ሥራ አለው፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መኪናው ሲመታ በሩ ተከፍቶ ሰው መንገድ ላይ እንዳይወረወር አጥብቆ መያዝ አለበት፣ ሲቆም ደግሞ ወዲያው መልቀቅ አለበት። ለመጀመሪያው አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደንብ አላቸው። ለሁለተኛውም በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጡት የግጭት ፈተና ደንቦች ከግጭቱ በኋላ በእያንዳንዱ የመቀመጫ ረድፍ ቢያንስ አንድ በር ያለ መሣሪያ መከፈት አለበት ይላሉ። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ግን ሁለቱም ሥራ በአንድ ገመድ ላይ ተንጠለጠለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ፎልክስዋገን አሜሪካ ውስጥ ወደ 98,000 የሚጠጉ አይዲ 4 መኪኖችን ለጥገና የጠራው ውኃ እጀታው ውስጥ ገብቶ በሩ እየሄደ ሊከፈት ይችላል በሚል ነው። አይዲ 4 ደግሞ በአገራችን መንገድ ላይ የምናየው መኪና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቻይና እርምጃ ወስዳለች። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ፣ በእኛ ታኅሣሥ 2019 መሆኑ ነው፣ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ሞዴል በሩ ከውስጥም ከውጭም ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ መከፈት አለበት። ቀድመው ፈቃድ ያገኙት ሞዴሎች ለመስተካከል ሁለት ዓመት ተጨምሮላቸዋል። የእኛ የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ የሚመጡት ከየት ነው? ከዚያው ነው። ታዲያ እዚያ የማይፈለገው የድሮ ዲዛይን ወዴት ይሄዳል ብዬ እሰጋለሁ። ነጋዴ ርካሽ ያገኘውን ያመጣል። እኛም ርካሽ ያገኘነውን እንገዛለን። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲያደርግ ሰው ምርጫው ጠቧል። ምርጫውን ያጠበበ አካል የሚገባው መኪና በሩ እንዲከፈት የማድረግ ግዴታም አለበት፣ እኔ እንዲህ ነው የማምነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከቻይናው ደንብ ላይ ይህችን አንዷን ነጥብ ወስዶ ከውጭ በእጅ የማይከፈት በር ያለው መኪና አይገባም ቢል ከባድ ነገር አይደለም። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ጉምሩክ ላይ የትንሿን ባትሪ ገመድ ነቅሎ በሩን መሳብ ነው።

የገባውስ? የገባው እኛ ጋ ነው። ሻጮች ቁልፍ ሲያስረክቡ አራቱንም በር ያለ ባትሪ ከፍተው ያሳዩ። እኔ አንድ መሸጫ ገብቼ የኋላ በሩ በእጅ የሚከፈተው በምን እንደሆነ ጠይቄ ሻጩ ስለ ስክሪኑ ስፋት ነበር የሚያወራልኝ። አዘንኩም ተናደድኩም። መኪና ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ መመሪያ መጽሐፉን አውጡ፣ ቦታውን ፈልጉ፣ በእጃችሁ ሞክሩት፣ ልጆቻችሁም ይሞክሩት። የኋላው በር የልጅ መቆለፊያ ከተደረገበት ከውስጥ ላይከፈት እንደሚችልም አትርሱ። በኮንትራት የምትሠሩ ሹፌሮች ተሳፋሪ ሲገባ በአንድ ቃል ንገሩት። ነውር የለውም። ከቻላችሁ በደማቅ ቀለም "በግጭት ጊዜ ይህን ሳብ" ብላችሁ በአማርኛ ለጥፉበት። የትንሿን ባትሪም አስመርምሩ፣ ትልቁ መቶ ፐርሰንት ስላለ እሷ ደህና ናት ማለት አይደለም።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን፣ አዘጋጅ። በየሳምንቱ የመኪና ማስታወቂያ ታወጣላችሁ። ከጎኑ ግማሽ ገጽ ስጡና በአገራችን በብዛት የሚነዱትን ሞዴሎች አንድ በአንድ እየወሰዳችሁ የፊት በሩ በእጅ የሚከፈተው በዚህ፣ የኋላው በዚህ፣ ከውጭ በዚህ ብላችሁ በሥዕል አሳዩ። ለትራፊክ ፖሊሶች፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ለአምቡላንስ ሹፌሮችም ይጠቅማል። ጎንደር ላይ ያሉትን መኪኖች ፎቶ አንስቼ መላክ እችላለሁ፣ ክፍያም አልጠይቅም።

አክባሪያችሁ፣
የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ከጎንደር አዘዞ