ግልጽ ደብዳቤ ለቨርጂኒያ አገረ ገዥ፦ ጓደኛዬ መረጠ፣ እኔ ቀረሁ

ክብርት አገረ ገዥ አቢጌል ስፓንበርገር፣

ቃለ መሐላ የፈጸሙት ጃንዋሪ 17 ቀን 2026 ነው። እንኳን ደስ አለዎት የሚል ደብዳቤ የሚጎርፍበት ጊዜ ነበር። የእኔ ግን አቤቱታ ነው፤ በወንጀል ስለተፈረደብኝ ያጣሁት የመምረጥ መብቴ እንዲመለስልኝ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በእንግሊዝኛ ጽፌአለሁ። የጻፍኩላቸውን ቢሮዎች ስም አልጠራም። ከሦስቱ ለአንዱም መልስ አላገኘሁም። ስልክ ስደውልም "በሂደት ላይ ነው" ከማለት ያለፈ ነገር የነገረኝ የለም። ስለዚህ አራተኛውን በአደባባይ፣ በአማርኛ ጻፍኩት። ልጄ ተርጉማ ትልክልዎታለች። አማርኛው እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ለሚኖሩ ወገኖቼ ነው። ከመካከላቸው እንደ እኔ አፍረው ዝም ያሉ እንዳሉ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። 2018 ላይ ጠጥቼ መኪና ነዳሁ። አንድ ሰው አቆሰልኩ። ሰውየው ዛሬም ሲራመድ እንደሚያነክስ ሰምቻለሁ። አራት ዓመት ተፈረደብኝ። በዛብኝ ብዬ አላውቅም። ከሦስት ዓመት በላይ ታስሬ 2022 ኦክቶበር ላይ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ግብሬን እከፍላለሁ።

እስር ቤት ውስጥ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ጥፋታችን አንድ ዓይነት ነው፤ ጠጥቶ መንዳት፣ ሰው ማቁሰል። የተፈረደብንም እኩል ነው። ልዩነታችን እሱ ቀድሞኝ መግባቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድሞኝ ወጣ፤ 2021 ኤፕሪል ላይ። ያን ጊዜ በአገረ ገዥነት ወንበሩ ላይ የነበሩት ራልፍ ኖርተም ናቸው። ኖርተም አንድ ወር ቀደም ብለው፣ ከእስር የወጣ ሰው ሁሉ ፕሮቤሽን (ከእስር በኋላ የሚደረግ ክትትል) ላይ ቢሆንም የመምረጥ መብቱ እንዲመለስለት ወስነው ነበር። ጓደኛዬ በጥቂት ወራት ውስጥ መብቱ እንደተመለሰ የሚገልጽ ወረቀት በፖስታ ደረሰው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር መረጠ።

እኔ ስወጣ ወንበሩ ላይ ግሌን ያንግኪን ነበሩ። በእሳቸው ጊዜ አሠራሩ ተቀየረ፤ መቀየሩንም ሕዝብ የሰማው 2023 ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው ማመልከት አለበት ተባለ። አገረ ገዥው አንድ በአንድ አይተው ይወስኑ ጀመር። ለማን እንደሚፈቀድ፣ ለማን እንደሚከለከል በይፋ የወጣ መስፈርት አልነበረም። በስንት ጊዜ መልስ እንደሚሰጥም የተጻፈ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ጥፋት፣ አንድ ፍርድ፣ አንድ እስር ቤት። እሱ መራጭ ነው። እኔ አይደለሁም። በመካከላችን ያለው ልዩነት የተፈታንበት ቀን ነው። ዳኛው አልለየንም። ሕጉም አልለየንም። የለየን በግዛቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ በዚያን ሰሞን ማን እንደተቀመጠ ነው።

የሕገ መንግሥታችንን ቃል እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው፣ አገረ ገዥው ወይም ሌላ ሥልጣን ያለው አካል መብቱን ካልመለሰለት በቀር መምረጥ አይችልም ይላል። ቅጣቱን ቢጨርስም፣ ዕድሜ ልኩን። በሌላ በኩል የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ለተከታታይ ሁለት የሥራ ዘመን መወዳደር አይችልም። እንዲህ ያለ ሕግ ያለን ከሃምሳዎቹ ግዛቶች እኛ ብቻ ነን። ሁለቱን አንድ ላይ ያንብቧቸው። ወንበሩ በየአራት ዓመቱ ሰው ይቀይራል። የኔ ቢጤው መብትም አብሮ ይቀየራል።

አሁን በምርጫው ቀን የሆነውን ልንገርዎት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ኖቬምበር 4 ቀን 2025 እርስዎ የተመረጡበት ቀን ነው። እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ዜግነት ካገኘች ጥቂት ዓመቷ ነው። ልጄ ደግሞ 18 ዓመት ሞልቷት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመርጥበት ቀን ነበር። ሁለቱን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው የምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለንግሥ እንደምትሄድ ሆና ነው የወጣችው። እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም። ማንበብ የማይችል መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ መምረጥ እንደሚችል የፌዴራሉ ሕግ ይፈቅዳል። እናቴ እኔን መረጠች። ፎርም ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ አብሬያት ገባሁ።

ወረቀቱን አነበብኩላት። ለአገረ ገዥነት የተወዳደሩትን ስም ነገርኳት፤ እርስዎንና ዊንሰም ኧርል ሲርስን። ሁለቱም ሴቶች መሆናቸውን ስትሰማ ደስ አላት። ማንን እንደመረጠች አልነግርዎትም፤ የእሷ ምስጢር ነው። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ክቧን ያጠቆርኩላት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ አስገባን። የጣቢያው ሠራተኛ "መርጫለሁ" የሚለውን ተለጣፊ ደረቷ ላይ ለጠፈችላት። ልጄም የራሷን ለጥፋ መጣች። ከዚያ ሠራተኛዋ ወደ እኔ ዞራ፣ በፈገግታ፣ የእኔን መታወቂያ ጠየቀችኝ። ክፋት አስባ አይደለም። መርጬ የምወጣ መስሏት ነው።

"እኔ አልመርጥም" አልኳት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። "ለምን? አንተስ?" አለችኝ በአማርኛ። መኪና ውስጥ ገብተን ነው የመለስኩላት። ስለ እስሩ ሁሉንም ታውቃለች፤ በየሳምንቱ እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር። ይህን ግን አልነገርኳትም ነበር። "ቅጣትህን ጨርሰህ የለም እንዴ?" አለች። ጨርሻለሁ አልኳት። "ታዲያ ምን ቀራቸው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ተለጣፊዋን ከጃኬቷ ላይ ስታነሳ በመስተዋት አየኋት። ክብርት ሆይ፣ ያ ነገር እስር ቤት ካደርኩባቸው ሌሊቶች ሁሉ ይበልጥ አመመኝ።

እናቴ ለጠየቀችው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። 1901 እና 1902 ላይ ሪችመንድ የተሰበሰቡት የሕገ መንግሥት ጉባኤተኞች ዓላማቸውን አልደበቁም። ካርተር ግላስ የተባለው ጉባኤተኛ ጥቁሩን መራጭ ማስወጣት እንደሚፈልጉ በግልጽ ተናግሯል። የምርጫ ግብር አመጡ። የማንበብ ፈተና አመጡ። ከዚያ በፊት የነበረውን፣ በወንጀል የተቀጣን ሰው የሚከለክለውን አንቀጽ ደግሞ የወንጀሎቹን ዝርዝር ጨምረው አሰፉት። የምርጫ ግብሩ 1966 ላይ በፍርድ ቤት ወደቀ። የማንበብ ፈተናውም ቀርቷል። እገዳው ግን 1971 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ውስጥም ገብቶ እስከ ዛሬ አለ።

ከእርስዎ በፊት የነበሩትንም አነበብኩ። 1990 ላይ ዳግላስ ዋይልደር፣ አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ ሰው፣ ያንን ወንበር ያዙ። ለአገረ ገዥነት ተመርጦ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ሪፐብሊካኑ ቦብ ማክዶኔል 2013 ላይ ኃይል የሌለበት ወንጀል ፈጽመው ቅጣታቸውን ለጨረሱ ሰዎች መንገዱን አቀለሉ። በዓመቱ እሳቸው ራሳቸው በሙስና ክስ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ፍርዱን የሻረላቸው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፣ 2016 ላይ። ይህን የማነሳው ላዋርዳቸው አይደለም። መብት የሚመልሰውን እስክሪብቶ ከያዘው ሰውና መብቱን ከሚጠብቀው ሰው መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ስላሳየኝ ነው።

ቴሪ ማኮሊፍ 2016 ኤፕሪል ላይ ከ200,000 በላይ ለሆኑ ሰዎች በአንድ ትእዛዝ መብታቸውን መለሱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጅምላ አይቻልም ብሎ በአራት ለሦስት ድምፅ ሻረው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ። የሥራ ዘመናቸው ሲያልቅ ከ170,000 በላይ ሰው መብቱን አግኝቶ ነበር። ስለዚህ እባክዎ፣ ሰው በዛ፣ ሥራ በዛ የሚል ምክንያት እንዳይሰጡን።

ይህን እገዳ የሚለውጥ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አለ እንደሚባል አውቃለሁ። ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ማጽደቅ አለበት፣ በመሃል ምርጫ መካሄድ አለበት፣ ከዚያ ሕዝብ ድምፅ ይሰጥበታል። 2021 ላይ አንዴ አልፎ 2022 ላይ ውድቅ ተደረገ። 2025 ላይ እንደገና ተጀመረ። ቢሳካ ደስታዬ ነው። ነገር ግን ሕዝብ በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን፣ ጉዳዩ የሚመለከተን እኛ ውጭ ነው የምንቆመው። የእኔን መብት ሌላ ሰው ይወስንልኛል። የዚያን ቀንም እናቴን ይዤ ሄጄ ላነብላት ነው?

የምጠይቅዎት ለእኔ ብቻ እንዲደረግልኝ አይደለም። ከእስር የወጣ ሁሉ ሳያመለክት፣ ሳይለምን፣ በስሙ መብቱ ይመለስለት። ኖርተም አድርገውታል። ሥልጣኑ ዛሬ እርስዎ ዘንድ ነው። ያንን እስክታደርጉ ድረስ ደግሞ መስፈርቱን ጽፋችሁ አውጡት፤ ማን፣ ለምን፣ በስንት ቀን። ማመልከቻ ያስገባ ሰው ደግሞ ተቀብለናል ወይም ከልክለናል የሚል አንድ መስመር ይድረሰው። እርስዎ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት በፖስታ መርማሪነት ሠርተዋል። መልስ የሌለው ደብዳቤ ለላከው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ።

አድራሻዬ በእንግሊዝኛው ደብዳቤ ላይ አለ። እናቴ የፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ ከፍታ ታያለች። እንግሊዝኛ ባታነብም የግዛቱን ማኅተም ለይታ ታውቀዋለች።

የአንዲት መራጭ ልጅ፣ የአንዲት መራጭ አባት
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ