የማግስቱ ኑሮ

ለምወድህ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስንደዋወል «ኒውዮርክ ላይ የወረደው መዓት፣ ያ የመንታ ሕንፃዎቹ ጥቃት፣ ልቦለድ ውስጥ ምን መስሎ ገባ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ልጻፍልህ አልኩ።

ቀኑ እንቁጣጣሽ ስለነበር መቼም አትረሳውም፤ መስከረም 1 ቀን 1994። የመጀመሪያው አውሮፕላን ከመንታ ሕንፃዎቹ አንዱን ሲመታ እናንተ ዘንድ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። እሱን ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ አሳይቶናል። ለደራሲ የተረፈው ማግስቱ ነው። እኔም የማምነው ማግስቱን የጻፈውን ነው።

አሜሪካዊው ደራሲ ዶን ዴሊሎ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ፎሊንግ ማን» በተባለ ልቦለድ ውስጥ አንድ ሰው አመድ በአመድ ሆኖ ከሕንፃው ይወጣል። የያዘው ቦርሳ የራሱ አይደለም። እግሩ የወሰደው ተለያይቷት ወደነበረችው ሚስቱ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው፤ ቁርስ፣ ልጅ፣ ዝምታ። ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሰማዩን በባይኖኩላር ይቃኛል፤ አውሮፕላኖቹ ይመለሳሉ ብለው። ሚስትየው ደግሞ የመርሳት ሕመም የጀመራቸውን አዛውንቶች ሰብስባ ታጽፋቸዋለች። እነሱም ስለዚያ ቀን መጻፍ ይፈልጋሉ። ትዝታቸው እየከዳቸው ያንን ቀን ግን አንለቅም ይላሉ። አባዬ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። አንተ ነህ ፊቴ የመጣኸው።

ዴሊሎ ከአውሮፕላን ጠላፊዎቹ ስለ አንዱ የጻፋቸው ክፍሎች ግን አልያዙኝም። ሰውየው ከሩቅ የታየ ነው።

የጆሴፍ ኦኒል «ኔዘርላንድ» የተባለው ልቦለድ ለእኔ ይበልጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ከጥቃቱ በኋላ አንድ ኒውዮርክ የሚኖር ሆላንዳዊ የባንክ ባለሙያ ከነቤተሰቡ ቤቱን ትቶ ሆቴል ይገባል። ሚስቱ ሌላ ጥቃት ይመጣል ብላ ስለሰጋች ልጃቸውን ይዛ ለንደን ትሄዳለች። ፍርሃቱ የገባው በባልና ሚስት ክርክር ነው፤ እንቆይ ወይስ እንሂድ? ድሮም የነበረውን ስንጥቅ ነው ያሰፋው። ሰውየው ብቻውን ሲቀር እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ ስታተን አይላንድ የሚባል ሰፈር ሄዶ ክሪኬት የተባለውን በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ ይጫወታል። አብረውት የሚጫወቱት ከትሪኒዳድ፣ ከጃማይካ፣ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን የመጡ ናቸው። ያቺን የተሰበረች ከተማ መልሰው የሚያስወድዱት እነሱ ናቸው። እንደ እኔ ያለ ስደተኛ ይህን ሲያነብ ደረቱ ይሞላል።

ሰው ሳገኝ ሁለቱንም እልክልሃለሁ። በኦኒል ጀምር፤ የዴሊሎ እንግሊዝኛ ትንሽ ያደክማል። እስከዚያ ግን መነጽርህን አስለካ፣ በእማዬ ሞት! ገንዘቡን ልኬያለሁ።

ልጅህ