በ«ፔን» የጀመረ ሁሉ እስክርቢቶ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንዴት ከረማችሁ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለምታወጡት የእንግሊዝኛ ቃላት ዓምድ ነው፣ ያ በተመሳሳይ ፊደላት የሚጀምሩትን ቃላት ከላይ እስከ ታች ደርድራችሁ ከጎናቸው አንድ አንድ የአማርኛ ፍቺ የምትለጥፉበት። መጀመሪያ ላመስግናችሁ። ምስጋናዬ ትንሽ የጥቅምም ነው፣ ምክንያቱም ድሮ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር አሁን ግን እዚህ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ፣ ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ልጆቹ ዓምዱን ቆርጠው ይዘው ይመጡና አንዱ ለጓደኞቹ ሁሉ ኮፒ አስደርጎ ይሄዳል፣ ላሚኔት የሚያስደርግም አለ። ኢንተርኔት ተዘግቶ በከረመበት ጊዜማ ከወረቀት ሌላ ምን አማራጭ ነበራቸው። ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው በገዛ ገቢዬ ላይ ነው፣ ይታወቅልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው በፒ፣ በኢ፣ በኤን የሚጀምሩትን አወጣችሁ። ፔን ብዕር፣ ፔንሲል እርሳስ፣ ፔናሊቲ ቅጣት፣ ፔንሽን ጡረታ፣ ፔኒንሱላ ባሕረ ገብ መሬት፣ ፔንዲንግ ያልተወሰነ፣ ፔኒሲሊን መድኃኒት፣ ፔንታጎን ባለ አምስት ጎን፣ አለቀ። ፍቺዎቹ ስህተት ናቸው አልልም፣ ቸኩሎ ለሚያልፍ ሰው ሁሉም ልክ ናቸው። ግን ማትሪክ የሚጠብቅ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ዝርዝሩን ሲያይ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፣ ሁሉም በፔን ከጀመሩ ዝምድና አላቸው ማለት ነው ይላል፣ ከዛ ፔናሊቲ ማለት ዳኛው በፔን የሚጽፈው ቅጣት ነው እያለ የራሱን መሸምደጃ ይፈጥራል። ይሄን ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ነው የምውለው። ባሕር ዳር ውስጥ ጣና የሚል ስም ያልለጠፈ ሱቅ ማግኘት ይከብዳል፣ ግን የሁሉም ባለቤት አንድ ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም፣ እንግሊዝኛው ላይ ሲሆን ግን ይሄን እንረሳዋለን።

እስቲ ያንኑ ዝርዝራችሁን አብረን እንየው። ፔን ከላቲን ነው የመጣው፣ ፔና ማለት ላባ ነው፣ ፈረንጆቹ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚጽፉት የወፍ ላባ ቀርጸው ስለነበር። የኛው ብዕርም ከግዕዙ ብርዕ ነው፣ እሱ ደሞ ሸምበቆ፣ መቃ ማለት ነው፣ ቁም ጸሐፊዎች ብራና የሚጽፉበት። እነሱ በላባ እኛ በመቃ፣ እስክርቢቶ ሁለቱንም ሳይሆን በኋላ የመጣ ነው። ፔንሲል ግን የፔን ታናሽ ወንድም ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ምንም አይገናኙም። የሱ ምንጭ ፔኒሲለስ የሚል የላቲን ቃል ነው፣ ትንሽዬ ጅራት ማለት፣ በዛ ስም የሚጠሩት ሰዓሊዎች የሚጠቀሙበትን ቀጭን ብሩሽ ነበር። በጥንቱ እንግሊዝኛ ብንሄድ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ የሳሉት አባቶች የያዙት ብሩሽ ፔንሲል ነበር የሚባለው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ሀገር ቦሮውዴል የሚባል ቦታ ላይ ጥቁር ነገር ተገኘና ለመጻፊያ ሆነ፣ ሰዎቹ የእርሳስ ማዕድን መሰላቸው፣ በኋላ ግራፋይት መሆኑ ቢታወቅም ፈረንጆቹ እስከዛሬ የፔንሲሉን ውስጥ በእርሳስ ማዕድን ስም ነው የሚጠሩት፣ እኛም ጭራሽ ዕቃውን በሙሉ እርሳስ አልነው።

አሁን ደግሞ ፔኒሲሊንን ተመልከቱ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ያየው ሻጋታ ፔኒሲሊየም ነው የሚባለው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጫፉ እንደ ብሩሽ ስለሆነ፣ ከሱ የወጣውን ነገር በ1929 ፔኒሲሊን አለው። ስለዚህ የልጁ እርሳስና ጤና ጣቢያ የሚወጋው መርፌ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ እስክርቢቶው ግን ጎረቤት እንኳን አይደለም። ይሄን ለአንድ ልጅ ብትነግሩት ሶስቱንም ቃላት እስኪሞት አይረሳቸውም። «መድኃኒት» ብላችሁ ስታልፉት ግን ከአሞክሳሲሊን በምን ለየው።

በጣም የሳቅኩት ፔንሽን ላይ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ፔንሲዮን ምን እንደሆነ በደንብ ያውቃል፣ በየሰፈሩ አለ፣ ርካሽ አልጋ ነው። እናንተ ጡረታ ስትሉት ግራ ይገባዋል፣ አንዱማ ጡረተኞች የሚያድሩበት ስለሆነ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም ግን ጥያቄው አሪፍ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። ላቲኑ ፔንዴሬ ማንጠልጠል ነው፣ ሚዛን ላይ አንጠልጥሎ መመዘንም ነው፣ ድሮ ክፍያ የሚፈጸመው ብር በሚዛን ተመዝኖ ስለነበር መክፈል ማለትም ሆነ። ከዛ በየጊዜው የሚከፈለው ነገር ፔንሽን ተባለ፣ እንግሊዞቹ ለጡረታ ያዙት፣ ፈረንሳዮቹና ጣሊያኖቹ ደሞ ለምግብና ለመኝታ የሚከፈለውን፣ ቀጥሎም ቤቱን ራሱን በዛ ጠሩት፣ እኛ ጋ የደረሰው ይሄኛው ነው። ፔንዲንግም ከዚሁ ከፔንዴሬ ነው። ባንክ ሄዳችሁ ብሩ ፔንዲንግ ነው ስትባሉ እኮ በእንጥልጥል ነው ያለው ማለታቸው ነው፣ አማርኛውም እንግሊዝኛውም እዛው ማንጠልጠል ላይ ተገናኙ። «ያልተወሰነ» ብሎ መጻፍ ለምን አስፈለገ፣ እንጥልጥል የሚያህል ቃል እያለን።

ፔኒንሱላ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ይሄ የኛ ጉዳይ ነው። ዘጌን የማያውቅ የባሕር ዳር ልጅ የለም። በጀልባ የሄደ እንግዳ ደሴት የረገጠ ይመስለዋል፣ ግን ዘጌ በመኪና መንገድም ይገባል፣ ከየብሱ አልተቆረጠም። ላቲኑ በትክክል ይሄን ነው የሚለው፣ ፔኔ ማለት ለጥቂት፣ ሊሆን ሲል የቀረ፣ ኢንሱላ ማለት ደሴት። ለጥቂት ደሴት ሳይሆን የቀረ መሬት። ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ነው፣ ዘጌ ፔኒንሱላ ነው ብላችሁ አንድ መስመር ብትጨምሩ ልጁ ቃሉን ከአካባቢው ጋር ያስረዋል። «ባሕረ ገብ መሬት» ቆንጆ ፍቺ ነው፣ ችግሩ አንዳንዱ ልጅ አማርኛውን ራሱ አያውቀውም፣ ሁለት የማያውቃቸውን ቃላት ጎን ለጎን ይሸመድዳል።

የቀሩትን ቶሎ ልበላቸው። ፔንታ የግሪክ አምስት ነው፣ ከሱ ጋር መሄድ የነበረበት ጰንጠቆስጤ ነበር፣ ሃምሳኛው ማለት ነው፣ በዓለ ሃምሳ የሚለው ስም ራሱ ቁጥሩን ይዞታል። ፔናሊቲ ፖይና ከሚል ላቲን ነው፣ ቅጣት ማለት፣ ኳሱ ላይ የገባው በ1891 ነው፣ የባሕር ዳር ከተማ ደጋፊ ይሄን እንኳን አታስተምሩት።

እና ደግሞ ረስታችሁት ያለፋችሁት አንድ ቃል አለ፣ ሌላኛው ፔን። ይሄኛው ከላባውም ከጅራቱም አይደለም፣ የራሱ የእንግሊዝኛ የጥንት ቃል ነው፣ በረት ማለት ነው፣ በግና ከብት የሚታጎርበት። ፓሴጅ ላይ በጎቹ ማታ ፔን ውስጥ ገቡ የሚል ከመጣ የእናንተን ዝርዝር የሸመደደ ልጅ በጎቹን እስክርቢቶ ውስጥ ነው የሚያስገባቸው። ይሄ የልጅ ሞኝነት እንዳይመስላችሁ፣ ባር ሂለል የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 ኮምፒውተር ለምን በትክክል መተርጎም እንደማይችል ለማሳየት የመረጠው ቃል ይሄው ፔን ነው፣ «ሳጥኑ ፔኑ ውስጥ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አምጥቶ፣ ሰው ሳጥን፣ እስክርቢቶና በረት ያላቸውን መጠን ስለሚያውቅ ይገባዋል ማሽን ግን አያውቅም አለ። ያኔ ማሽን ያቃተውን ፈተና ዛሬ አንድ ቃል ከአንድ ፍቺ ጋር ሰጥተን ልጆቹን እያስገባናቸው ነው።

በፊደል መደርደር መጥፎ ነው አላልኩም። እንግሊዞቹ ራሳቸው ለፊደል ቅደም ተከተል አዲስ የነበሩበት ጊዜ ነበር፣ ሮበርት ካውድሪ የሚባል ሰው በ1604 የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲያወጣ ወደ 2,500 ቃላት ነበር የያዘው፣ መግቢያው ላይ ቃልህ በኤ ከጀመረ መጀመሪያው አካባቢ ፈልግ፣ በሲኤ ከጀመረ የሲ መጀመሪያ ላይ፣ በሲዩ ከሆነ ወደ ሲ መጨረሻ ሂድ እያለ አንባቢውን በእጁ ይዞ ነው የሚመራው። ፊደል መፈለጊያ ነው፣ መግቢያ በር ነው፣ ከዛ ያለፈ ነገር አይናገርም። የኛዎቹ ሊቃውንት በዚህ ይበልጧቸዋል ባይ ነኝ፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት የከፈተ ሰው መጽሐፍን በመ አይፈልገውም፣ ጸሐፈ ጋ ነው የሚሄደው፣ ጸሐፊም ጽሕፈትም እዛው ናቸው። ለጀማሪ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ እኔም ስንቴ ገልጬ ዘግቼዋለሁ፣ ግን ዘመድ ከዘመዱ ጋር ነው ያለው። እስቲ አስቡት አንድ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ባለሱቅ፣ ባለሙያ፣ ባለጉዳይ፣ ባለጌ የሚል ዝርዝር ብትሰጡት ባለጌን የምን ባለቤት ነው ብሎ ይጠይቃችኋል፣ መልሳችሁ ምን ይሆን።

ስለ ፍቺ ካነሳን አይቀር ሳሙኤል ጆንሰንን ሳልጠቅስ አላልፍም። ይሄ ሰውዬ በ1755 ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያወጣው ነው። ግን የመጀመሪያ መጽሐፉ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፣ በ1735 ያሳተመው ስለኛ ሀገር ነው፣ ጀሮም ሎቦ የሚባል ፖርቹጋላዊ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ሀገራችን ኖሮ ስለ አባይ ምንጭና ስለ ፏፏቴው የጻፈውን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ። እንግሊዝኛን ፈቶ ያስቀመጠው ሰው የጢስ አባይን ወሬ ተርጉሟል ማለት ነው፣ እዚህ ከተማ ይሄን የሚያውቅ ተማሪ ስንት እንደሆነ እንጃ። ዋናው ግን ይሄ አይደለም፣ ዋናው መዝገበ ቃላቱን የሰራበት መንገድ ነው፣ ለቃሉ ፍቺ ሰጥቶ አይተወውም፣ ታላላቅ ጸሐፊዎች ቃሉን የተጠቀሙበትን ዓረፍተ ነገር እየለቀመ ከስሩ ይደረድራል፣ ከመቶ ሺህ በላይ ጥቅስ ነው የሰበሰበው። አንዱ ቃል ብዙ ትርጉም ካለው ለእያንዳንዱ ቁጥር እየሰጠ። እኔ የምጠይቃችሁ ከዚህ መቶኛውን ነው።

ቦታ የለንም ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ብዙ ቃል ከምታወጡ ጥቂት አውጡ፣ የጨረታ ማስታወቂያችሁ አይነካ። ለእያንዳንዱ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቢቻል ከዚሁ ከሀገራችን ኑሮ የተወሰደ፣ ሁለት ፍቺ ያለው ከሆነ ሁለቱንም። ከዛ ከስር አንድ መስመር፣ እነ እገሌ ዘመዳሞች ናቸው እነ እገሌ በፊደል ብቻ ነው የተገናኙት ብላችሁ። የእንግሊዝኛ አነባበቡንም በግዕዝ ፊደል ብትጽፉት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ፊደሉ አንድ ሆኖ ድምጹ የሚለያይ መዓት ነው። ለምሳሌ ዩ፣ ኤን፣ አይ ስትደርሱ ጉድ ይፈላል። ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒፎርም፣ ዩኒየን የሚሉት ውስጥ ያለው ዩኒ የላቲን አንድ ነው፣ ግን አንኢምፖርታንትም የሚጀምረው በነዛው ሶስት ፊደላት ነው፣ እሱ ውስጥ አንድ የሚባል ነገር የለም፣ አፍራሹ «አን» ከኢምፖርታንት ጋር ተጣብቆ ነው፣ ዩኒምፖርታንት ብሎ ያነበበ ተማሪ ነበረኝ።

አይ ኤን ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ፣ እዛ ጋ ቀልድ የለም። ልጆቹ «ኢን» ማለት አፍራሽ ነው ተብለው ነው የሚማሩት፣ ቪዚብል የሚታይ፣ ኢንቪዚብል የማይታይ፣ ልክ ነው። ከዛ ነዳጅ ቦቴ ላይ ወይ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ኢንፍላመብል የሚል ሲያዩ የማይቀጣጠል ነው ብለው ያነቡታል፣ ቃሉ ግን በጣም ተቀጣጣይ ማለት ነው፣ እዛ ጋ ያለው ኢን «ውስጥ» የሚለው ነው፣ እሳት ውስጥ ከማስገባት። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዚህ ምክንያት ሰው እንዳይጎዳ ብለው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፍላመብል ብቻ ተብሎ ይጻፍ ማለት ጀምረዋል፣ ሁለቱም አንድ ትርጉም ነው ያላቸው። ቤንዚን በሃይላንድ በሚሸጥበት ከተማ ይሄን ቃል በአንድ መስመር ፍቺ እንዳታልፉት አደራ።

የሚቀጥለው ቲ፣ አር፣ ኤ ነው ብላችኋል። ትራንስፖርት፣ ትራንስፈርና ትራንዚት አብረው ይሁኑ፣ ሶስቱም ማሻገር አለባቸው። ትራክተርን ግን ለብቻው አድርጉት፣ እሱ ከመጎተት ነው፣ ኮንትራትም የሱ ዘመድ ነው በሲ ቢጀምርም። ገጹ ለኅትመት ሳይገባ የሚያየው ሰው ካጣችሁ ላኩልኝ፣ ዋጋ አልጠይቅም፣ ኮፒውን ግን እንደበፊቱ አስከፍላለሁ።

አክባሪያችሁ
ኮፒ ቤት ያለኝ የቀድሞ የእንግሊዝኛ አስተማሪ
ከባሕር ዳር