እናቴ «ጉልበቴን» ያለችው አፍራ ነው፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

እናቴ የዘጌ ሰው ናት። ዕድሜዋ 78 ነው፤ ሰባት ልጆች ወልዳለች፤ ድሮም ቀጭን ነበረች፤ አሁን ደግሞ አጥንቷ ይቆጠራል። ባለፈው ክረምት ጉልበቷን አመማት። የወሰድናት ጤና ተቋም ቁርጥማት ነው ብሎ ማስታገሻ ሰጣት። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ተነፋ፤ የቀመሰችው ውኃ እንኳ ይመለስ ጀመር።

በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ስናሻግራት በጎኗ ተኝታ፣ ቀኝ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ በሁለት እጇ አቅፋዋለች። ጋቢ ላለብሳት ብዬ እግሯን ቀና ሳደርገው ጮኸች። «ተዪው ልጄ፣ እንደ ታጠፈ ተዪው!»

ያ ጩኸት በሽታውን እየተናገረ እንደ ነበር የገባኝ ቀዶ ሕክምና ያደረገላት ሐኪም ካስረዳኝ በኋላ ነው። በዳሌ አጥንታችን ላይ በግራና በቀኝ ክፍተት አለ። ክፍተቱ በሽፋን ተደፍኖ፣ ነርቭና የደም ሥር የሚያልፉበት ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ይቀራል፤ እሱንም ስብ ይሞላዋል። ሰው አርጅቶ ሲከሳ ስቡ ይመናመንና አንጀት በዚያ ሾልኮ ይታነቃል። ኦብቱሬተር ሄርኒያ ይሉታል። ከቡአ ዓይነቶች ሁሉ እምብዛም የማይገጥም ነው፤ በአብዛኛው የሚይዘውም አረጋውያን ሴቶችን ነው። ጡንቻ ስለሚሸፍነው እንደ ሌላው ቡአ አብጦ አይታይም። የተጫነው ነርቭ ግን ጭንን ከውስጥ በኩል እስከ ጉልበት ያሳምማል፤ እግር ሲዘረጋ ይብሳል፣ ሲታጠፍ ይቀላል። ሃውሺፕና ሮምበርግ የተባሉ ሐኪሞች ይህን ምልክት ከጻፉት ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። በሁሉም ታማሚ ላይ ስለማይታይ ግን በሽታውን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው።

እኛ ለሲቲ ስካኑ ገንዘብ ከዘመድ ስናሰባስብ ግማሽ ቀን አለፈ። ሆዷ ሲከፈት የታነቀው አንጀት ጠቁሮ ተገኘ። የሞተው ተቆርጦ ወጣ፤ ጤነኛው ከጤነኛው ጋር ተሰፋ። ቀዳዳውን ለቀዶ ሕክምና በተሠራ መረብ መሸፈን ይቻል ነበር፤ አንጀት በሞተበት ቦታ መረቡ እንዳያመረቅዝ ተፈርቶ በክር ተዘጋ። ቀደም ብለን ብንደርስ ኖሮ አንጀቷን መልሶ ቀዳዳውን መድፈን ብቻ ይበቃ ነበር።

ከዳነች በኋላ ጠየቅኋት። ሕመሙ የጀመራት ከጭኗ ነበር። የመረመራት ወጣት ወንድ ስለሆነ ጭኔን ማለት አፍራ «ጉልበቴን» አለችው። እሱም የጠየቀው ስለ ጉልበቷ ብቻ ነው። አልፈርድበትም፤ ይህን በሽታ ማንም አላሳየውም ይሆናል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ስታሠለጥኑ፣ የከሳች አሮጊት አስመልሷት ሆዷ ከተነፋ ጭኗን ያማት እንደሆነ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ቢቻል በሴት ባለሙያ እንድትጠየቅ፣ እግሯም ቀስ ተብሎ ተዘርግቶ እንዲታይ አስተምሩልን። ማስታገሻ ይዛ ወደ ቤቷ አትመለስ፤ በዚያው ቀን ሪፈር ይጻፍላት። አንጀቱ ተዘግቷል ተብሎ የተጠረጠረ አረጋዊም መጀመሪያ ሲቲ ስካን ይነሳ፣ ክፍያው በኋላ ይጠየቅ።

ለሥልጠናው የሚረዳ ከሆነ እናቴ መጥታ የሆነችውን ለመናገር ፈቃደኛ ናት። አድማጮቹ ሴቶች ከሆኑ ጭኔን ትላለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ልጇ
ባሕር ዳር