ሞላ የምታስቆርጡ ወጣቶች፣ እባካችሁ መጀመሪያ አስለኩ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሞላና ባሌስትራ መሥራት ከጀመርኩ 31 ዓመት ሆነኝ። ሞላ የምለው ከጎማው በላይ ሆኖ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውን ጥምጥም ብረት ነው። ጋዜጣችሁን ምሳ ሰዓት ላይ ጋራዡ ደጃፍ ቁጭ ብዬ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። አሁን የጻፍኩት ባለፈው ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ብቻ ዝቅ እንዲሉ ተብሎ ሞላቸው የተቆረጠ ሦስት ዲኤክሶች ስለመጡብኝ ነው። የሦስቱም ባለቤቶች ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ሲቆረጥላቸው ምን እንደሚያጡ የነገራቸው ሰው የለም።

ዲኤክስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቶዮታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ያወጣት ማዕዘናማዋ ኮሮላ ናት። ልጆቹ ለምን እንደሚወዷት ይገባኛል። ሞተሯ ከፊት ሆኖ የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው፤ ቀላል ናት፤ ከ1983 እስከ 1987 የተመረተችው ኤኢ86 የተባለች የቶዮታ ስፖርት መኪናም ከሥር ያለውን አሠራሯን በብዛት የወረሰችው ከእሷ ነው። ልጆቹ ኤኢ86ን በስልካቸው ሲያዩ ይቆዩና ወጥተው ግቢ ውስጥ የቆመችውን የአባታቸውን ዲኤክስ ያያሉ። ስፖርት መኪና ከውጭ ማስገባት ለእነሱ የሚታሰብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ የጣለው ታክስ ከባድ ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ያላቸውን ያሳምራሉ። በዚህ አልቃወማቸውም። በልኩ ዝቅ ያለች መኪና ኩርባ ላይ ብዙ አትጋደምም፣ መሪዋም ቶሎ ይታዘዛል። የምቃወመው መቁረጡን ነው።

ከሦስቱ አንዱ ጀሞ የሚኖር የ23 ዓመት ልጅ ነው። ዱባይ ያለ አጎቱ አራት አረንጓዴ ሞላ ልኮለት ነበር፤ አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ ጥሩ የጃፓን ሥራ። ካርቶኑ ላይ ኮሮላ የሚል አይቶ ደስ አለው። ኮሮላዋ ግን ሌላ ናት፤ በፊት ጎማዋ የምትጎተት፣ ሞተሯም ካምቢዮዋም አፍንጫዋ ላይ የተጫነባት፣ ከክብደቷ 60 በመቶ ገደማው ፊት ላይ የሚያርፍባት። ለዚያ ጭነት የተሠራ ሞላ ዲኤክስ ሥር ሲገባ አልጨመቅ አለ። ወደ ታች ይወርዳል የተባለው የመኪናዋ ፊት ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ተነሣ፣ ኋላዋ ቁጭ አለ። ልጁ ተበሳጭቶ ሌላ ጋራዥ ወሰዳት። እዚያ የፋብሪካውን ሞላ መለሱላትና ከሁለቱ የፊት ሞላዎች አንድ አንድ ዙር ተኩል በግራይንደር ቆርጠው ሰጡት። እኔ ጋ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ፣ «ጋሼ፣ የሆነ ነገር ከፊት ይንኳኳል» ብሎ ነው።

ልጆቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሞላው ስንት ሳንቲ እንደሚያወርድ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ኪሎ እንዲሸከም እንደተሠራ ነው። ቀጥዬ የምጠይቀው፣ መኪናዋ ከወረደች በኋላ ጎማው ወደ ላይም ወደ ታችም ለመሄድ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚቀረው ነው።

ለልጁ ያሰላሁለትን ላስላላችሁ፤ ለማቅለል ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። አንድ የፊት ሞላ ሳይጫን ቁመቱ 350 ሚሊ ሜትር፣ የሚሠራው ዙር ሰባት ነው እንበል። አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 2 ኪሎ ይፈልጋል። 220 ኪሎ ሲያርፍበት 110 ተጨምቆ 240 ላይ ይቆማል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሾክ አብዞርበሩ ሌላ 80 ሚሊ ሜትር ይዘረጋል፤ ያን ጊዜ ሞላው ከሚያርፍበት ከታችኛው እስከ ላይኛው መቀመጫ 320 ይሆናል። ሞላው 350 ስለሆነ አሁንም 30 ሚሊ ሜትር እንደታፈነ ነው፣ ከመቀመጫው አይነቃነቅም። አሁን አንድ ዙር ተኩል ቁረጡ። ቁመቱ 275 ይሆናል። የቀረው አምስት ዙር ተኩል ከበፊቱ ከሩብ በላይ ይደርቃል፣ ዙር ባነሰ ቁጥር ሞላ ይጠነክራልና። መኪናዋ 51 ሚሊ ሜትር ትወርዳለች፤ ልጁ የፈለገው ይህን ነበር። ነገር ግን ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የመቀመጫው ርቀት ያው 320 ነው፣ ሞላው ግን 275 ብቻ ነው። 45 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። ልጁ የሰማው ኳኳታ፣ የላላው ሞላ ከመቀመጫው እየተነሣ ሲመለስ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ወደ ላይ ደግሞ ጎማው መጨረሻ ላይ ከሚቀበለው ጎሚኒ ለመድረስ 70 ሚሊ ሜትር ነበረው እንበል። 51ዱን ዝቅታው ወሰደው፣ የቀረው 19 ነው። ሦስት ጓደኞች ሲሳፈሩ እሱም ያልቃል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ የምታርፈው ጎሚኒው ላይ ነው፤ የፍጥነት መቀነሻውና የኮብልስቶኑ ምት በቀጥታ ቦዲውን ይመታል። ኩርባ ላይ እያለች እዚያ ከደረሰች ደግሞ የፊት ጎማዋ በድንገት መንገዱን ይለቃል። ለስፖርት ብሎ ያስቆረጠ ልጅ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን የባሰ ትዞራለች።

ለዝቅታ ተብሎ የሚሠራ ሞላ ይህ ሁሉ ታስቦበታል። ቁመቱ ሲያጥር ሽቦው ይወፍራል፤ ሽቦው ከ10 ወደ 11 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢወፍር፣ ሌላው ሳይለወጥ ጥንካሬው በ46 በመቶ ይጨምራል፣ ውፍረቱ በስሌቱ ውስጥ አራት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ። ብዙዎቹ በአንድ ጫፋቸው ተጠጋግተው የተጠመጠሙ ዙሮች አሏቸው። መኪናዋ ስትቆም እነዚህ ተጣብቀው ይዘጋሉ፣ ለማያውቅ ሰው ሥራ ፈት ይመስላሉ። ጎማው ሲንጠለጠል ግን ተከፍተው ያንን ባዶ ቦታ የሚሞሉት እነሱ ናቸው። «ትርፍ ናቸው» ተብለው ሲቆረጡ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የሚያሳዝነኝ ሥራ የለም።

የእኔን ልክ ልናገር። ለአዲስ አበባ መንገድ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ታዋቂዎቹ የጀርመንና የጃፓን ሞላ ሠሪዎችም ለመንገድ መኪና ብለው የሚያወጡት ዝቅታ ብዙ ጊዜ በዚሁ ዙሪያ ነው፣ ያውም ለእነሱ አስፋልት። ሞላው በጠነከረ መጠን ሾክ አብዞርበሩም ሲመለስ ሊይዘው መቻል አለበት፤ ስለዚህ ዘይት ያንጠባጠበ ሾክ አብዞርበር ላይ አዲስ ሞላ አልገጥምም፣ ባለቤቱ ቢቆጣም። ከተገጠመ በኋላ አላይመንት ግድ ነው። ዲኤክስ ላይ ደግሞ የኋላ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ ርዝመቱ ስለማይለወጥ፣ መኪናዋ ስትወርድ አክስሉ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ በ30 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይታይም፣ በ60 ግን ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። የፊት መብራቱንም አስተካክሉ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. እኔ ራሴ ቆርጫለሁ። አንድ ወጣት ለሠርግ አጀብ ብሎ ለመነኝ፣ ገንዘቡንም ፈልጌው ነበር፣ ሁለት ሁለት ዙር ቆረጥኩለት። ከእንጦጦ ሲወርድ ጎማው ጉድጓድ ገባ፣ ሞላው ከመቀመጫው ወጣ፣ በግራይንደር የተሳለው ጫፉ ጎማውን ቀደደው። መኪናዋ ዳር ካለው ድንጋይ ጋር ተጋጨች። ሰው አልሞተም። ጎኑ የተቀመጠችው እህቱ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ ሳያት «አይዞህ፣ አንተ ምን አጠፋህ» አለችኝ። ያጠፋሁትን አውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞላ ቆርጬ አላውቅም።

በኦክስጅን የሚያግሉም አሉ። ሞላው ሲግል ቁጭ ይላል፣ መኪናዋም ትወርዳለች፣ ብረቱ ግን ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት የተሰጠውን ጥንካሬ በዚያው ያጣል። እሱ ከመቁረጥም ይብሳል፤ ከዚህ በላይ አልልበትም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ለቦሎ በየዓመቱ ምርመራ ሲደረግ ፍሬንና መብራት ይታያል። ሞላም ይታይ። መሣሪያ አያስፈልገውም። መኪናዋን ጎማዋ እስኪንጠለጠል በክሪክ አንስቶ ሞላውን በእጅ ጨብጦ ማዞር ነው። ደህና ሞላ አይዞርም። የተቆረጠ ሞላ በእጅ ይዞራል፣ አንዳንዱም ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ለአንድ ጎማ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጀርመን ውስጥ ሞላ የቀየረ ሰው የሞላውን የፈቃድ ወረቀት መያዝ፣ እንደ ወረቀቱ ዓይነትም መኪናውን አስመርምሮ ማስመዝገብ አለበት። እኛ ወረቀቱ ባይኖረንም እጅ አለን። መለዋወጫ ለምትሸጡ ወንድሞቼም፣ ያገለገለ ሞላ ስትሸጡ ከየትኛዋ መኪና እንደወጣና የፊት ይሁን የኋላ በቀለም ጻፉበት። ገዥው ዓይቶ የሚለየው ነገር የለም፣ ሞላ ሁሉ ለእሱ አንድ ነው።

የጀሞው ልጅ ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ዞሮ ያልተቆረጠ የፊት ሞላ አገኘ፤ ገጠምንለት። አጎቱ ደግሞ በዚህ ጊዜ የመኪናዋን ትክክለኛ ኮድ ይዞ እያፈላለገ ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ይህችው መኪና ዛሬም ብዙ ወዳጅ ስላላት ለእሷ ተብሎ የሚሠራ የዝቅታ ሞላ ይገኛል። 30 ሚሊ ሜትር የሚያወርደውን እንዲያዝ ነግሬዋለሁ፤ ልጁ 50 ብሎ ተከራከረኝ፣ ወረቀት ላይ ካሰላሁለት በኋላ 35 ላይ ተስማማን።

ሞላው ተቆርጦ እንደሆነ የሚጠራጠር ሰው ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ቢመጣ በክሪክ አንስቼ አሳየዋለሁ። ገንዘብ አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞላና የባሌስትራ ሠራተኛ
ከተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ