የጉድባውን ጭቃ ዝቆ ማውጣት ጽዳት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ እንግሊዝ ቅርሶች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ በውኃ ጉድባ የተከበቡት የመካከለኛው ዘመን ግቢዎች ጭቃቸው ተዝቆ ለጎብኚ ቢዘጋጁ እንደሚበጅ ተጠቁሟል። ቅርሱን የሚያጠፋው ግን ይኸው ነው።

በእንግሊዝ 6,000 ያህል እንዲህ ያሉ ግቢዎች ይታወቃሉ። በብዛት የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1250 እስከ 1350 ሲሆን፣ ውኃ የሚይዝ የሸክላ አፈር ባላቸው እንደ ሰፎክና ኤሴክስ ባሉ አውራጃዎች ይበዛሉ። ጉድባው ባብዛኛው ጦር ለመመከት ሳይሆን የባለርስቱን ክብር ለማሳየት ነበር፤ ዓሣ ማርባቱና ሌባ ማራቁ ምርቃት ነው። ኬንት በተባለው አውራጃ ኢታም ሞት የሚባለው ግቢ ከነቤቱና ከነውኃው አለ። በብዙዎቹ ስፍራዎች የሚታየው ግን ሣር የለበሰ አራት ማዕዘን ቦይ ብቻ ነው።

ሀብቱ ከታች ያለው ጥቁር ጭቃ ነው። በውኃ በራሰ ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን እንደ ልብ ስለማይገባ እንጨት፣ ቆዳ፣ የእህል ዘርና የአበባ ብናኝ ለ700 ዓመት ሳይበሰብሱ ይቆያሉ። የድልድይ ቋሚ ከነቅርፊቱ ከተገኘ፣ የእንጨቱ የዕድገት ቀለበቶች ተመርምረው ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ሊታወቅ ይችላል። ኤክስካቫተር ጭቃውን ዝቆ ማሳ ላይ ሲደፋው ግን ንብርብሩ ይደባለቃል፤ የተገኘው ሸክላ ከየትኛው ዘመን ጋር እንደተቀበረ የሚያሳይ ነገር አይቀርም።

ቀስ ብሎ የሚያጠፋው ደግሞ የእርሻ ማጠንፈፊያ ቱቦ ነው። አጠገቡ ሲቀበር የውኃው ከፍታ ይወርዳል፣ አየር ይገባል፣ ባክቴሪያና ሻጋታ ሥራቸውን ይጀምራሉ። የደረቀው እንጨት ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ በኋላ ውኃ ቢለቀቅበትም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ጠርዙ ላይ ዛፍ ካለ መቁረጥ እንጂ ጉቶውን መንቀል አይገባም፤ ሥሩ ንብርብሩን ይዞ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ በተመዘገበ ስፍራ ጉድባ መዛቅ ወይም መሙላት ቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ለማሰስም የባለመሬቱ እሺታ ብቻውን አይበቃም፤ የእንግሊዝ ቅርስ ጥበቃ ተቋም የሆነው የሂስቶሪክ ኢንግላንድ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች የተመዘገቡትን ስፍራዎች በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ከነካርታቸው ታገኛላችሁ። የሕጉ ደካማ ጎን ጥበቃው ካርታው ላይ በተሰመረው ወሰን መቆሙ ነው፤ ከወሰኑ ጥቂት ሜትር ወጣ ብሎ የተቀበረ ቱቦ ይህን ፈቃድ ሳይጠየቅ ጉድባውን ሊያደርቀው ይችላል።