ለደንበኞቻችን፦ ቨርቹዋል ማሽናችሁ "ኔት የለም" ሲላችሁ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህ ደብዳቤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ቨርቹዋል ቦክስ ለጫንንላችሁ ሁሉ ነው። ቨርቹዋል ቦክስ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚከፍት ፕሮግራም ነው፤ ያንን የውስጡን ኮምፒውተር ቨርቹዋል ማሽን፣ ባጭሩ ማሽን እንለዋለን። አንዳንዶቻችሁ ተማሪዎች ናችሁ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ከፍታችሁ ትለማመዳላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የሂሳብ ሠራተኞች ናችሁ፤ አዲሱ ዊንዶውስ እምቢ ያለውን የድሮ ፕሮግራም በቨርቹዋል ዊንዶውስ 7 ታሠሩታላችሁ።

ሰሞኑን "ላፕቶፑ ላይ ኔት አለ፣ ማሽኑ ውስጥ ግን የለም" እያላችሁ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። አንድ ተማሪ ማሽኑን ሰርዞ እንደ አዲስ ከጫነው በኋላ ነበር የመጣው። የመመረቂያ ሥራው ግማሽ እዚያ ውስጥ ነበር። በጣም አዘንን፤ ችግሩ አምስት ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ነበርና። እባካችሁ፣ ኔት ስለጠፋ ብቻ ማሽን አትሰርዙ።

ኔት ጠፋ ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ መንገዱ ራሱ ተቋርጧል፣ ወይ መንገዱ እያለ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ጠፍቷል። ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በአይፒ ቁጥር ነው። እናንተ የድረ ገጽ ስም ስትጽፉ ቁጥሩን ፈልጎ የሚሰጣችሁ ዲኤንኤስ ነው። ስልክ ላይ የእናታችሁን ስም ነክታችሁ ስትደውሉ ቁጥሩን ስልኩ እንደሚያወጣላችሁ ማለት ነው። ስሙ ከስልኩ ቢጠፋ መስመሩ አልተበላሸም፤ ቁጥሩን በቃል የሚያውቅ ሰው ይደውላል።

ለመለየት ቀላል ነው። ማሽኑ ውስጥ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱ። ፒንግ (ping) ብላችሁ 8.8.8.8 ጻፉ፤ ይህ የጉግል ዲኤንኤስ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ፒንግ ብላችሁ የምታውቁትን አንድ የድረ ገጽ ስም ጻፉ። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ እምቢ ካለ የስም ችግር ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ መጀመሪያ ላፕቶፑ ራሱ ኔት እንዳለው እዩ። ከዚያ በቨርቹዋል ቦክስ የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ ኬብሉ እንደተሰካ የሚያሳየው ምልክት እንዳለ ተመልከቱ። ፒንግን የሚዘጉ ቢሮዎች ስላሉ እዚያ ይህ ፈተና ሊያሳስታችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከመጡልን ማሽኖች አብዛኞቹን ያስቸገረው ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ሄደን በዓይናችን አይተናል። ጠዋት በቢሮው ዋይፋይ ሲሠሩ ነበር። መብራት ሄደ፤ ራውተሩም ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ ስለነበረው በስልክ ሆትስፖት ቀጠሉ። የላፕቶፑ ብራውዘር ይከፍታል። ማሽኑ ውስጥ ያለው ኡቡንቱ ግን ስሙን መፍታት አልቻልኩም ይላል። ዲኤንኤሱ ማን እንደሆነ ስናይ 192.168.1.1 ይላል። የጠፋው የቢሮ ራውተር ነው! ላፕቶፑ ደግሞ በዚያ ሰዓት ስም የሚጠይቀው ስልኩን፣ 192.168.43.1ን ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቨርቹዋል ቦክስ ማሽኑን በላፕቶፑ ኔት በኩል በሚያወጣው፣ ናት (NAT) በሚባለው አሠራር ላይ ሲሆን ለማሽኑ 10.0.2.15 ዓይነት አድራሻ ይሰጠዋል፤ መውጫ በሩ 10.0.2.2 ነው። የዲኤንኤሱን ቁጥር ግን በተለምዶ ከላፕቶፑ ገልብጦ ነው የሚያቀብለው። ላፕቶፑ ኔትወርክ ሲቀይር ማሽኑ የድሮውን ይዞ ሊቀር ይችላል። በተለይ ማሽኑን ሳታጠፉ እንደተከፈተ ሴቭ አድርጋችሁ ዘግታችሁት ሌላ ቦታ ስትከፍቱት ይህ ያጋጥማል። ቤት ሴቭ አድርጎ ግቢ የሚከፍት ተማሪ ይህን ደጋግሞ ያያል።

ለጊዜው የሚሆን መላ፦ ማሽኑ ውስጥ ኔትወርኩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ አዲሱን ቁጥር ይቀበላል። አልሆነም? ማሽኑን ሪስታርት አድርጉት።

ለዘለቄታው ግን ማሽኑ ሁልጊዜ ላፕቶፑን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው የሚሻለው። ያኔ ማሽኑ የሚያውቀው ዲኤንኤስ 10.0.2.3 ብቻ ይሆናል። ላፕቶፑ የትም ይሁን፣ በዋይፋይም ይሁን በሆትስፖት፣ ቨርቹዋል ቦክስ ጥያቄውን ተቀብሎ ያስተላልፍለታል። ይህ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ይስተካከላል። ትዕዛዙን ከላፕቶፑ በኩል ነው የምትሰጡት፤ ማሽኑም ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ሴቭ ከሆነ አይቀበልም። ትዕዛዙን በላቲን ፊደል በትልቁ አትመን ሱቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል፤ ወስዳችሁ ተጠቀሙበት።

አንድ ነገር በግልጽ እንንገራችሁ። ከዚህ በፊት እኛ ራሳችን በብዙ ማሽኖች ላይ 8.8.8.8ን በእጅ ጽፈን እንሰጣችሁ ነበር። የውጭ ድረ ገጾችን ይከፍታል፤ ለቤትም ይበቃል። ቢሮ ውስጥ ግን ስህተት ነበር። የቢሯችሁን ሰርቨር ስም የሚያውቀው የቢሯችሁ ዲኤንኤስ ብቻ ነው፤ ውጭ ያለው አያውቀውም። በዚህ ምክንያት የሂሳብ ፕሮግራማቸው ሰርቨሩን ያጣባቸው ደንበኞች አሉ። ይቅርታ እንጠይቃለን። በእጅ የጻፍንባችሁን ማሽኖች አምጡልን፤ ያለ ክፍያ እናስተካክላለን።

ኡቡንቱ ለምትጠቀሙ፦ ዲኤንኤሱ የሚጻፍበትን ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ (resolv.conf) የሚባለውን ፋይል ከፍታችሁ 127.0.0.53 ብታዩ አትደንግጡ፤ ስህተት አይደለም። ኡቡንቱ መጀመሪያ ራሱን ይጠይቃል፤ ከዚያ ነው ወደ ውጭ የሚያስተላልፈው። ፋይሉን በእጅ ብትቀይሩትም ሲስተሙ መልሶ ይጽፍበታል፤ ድካም ብቻ ነው። ትክክለኛው ዲኤንኤስ የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው ሪዞልቭ ሲቲኤል የሚባለው ትዕዛዝ ነው። እሱም ወረቀቱ ላይ አለ። ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ ደግሞ የድሮውን የስም ማስታወሻ የሚያጸዳው ትዕዛዝ እዚያው ወረቀት ላይ ከሥሩ ተጽፏል።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግን ሥራችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ግራ ከገባችሁ ኮምፒውተሩን እንዳለ ይዛችሁ ኑ። የምትገናኙበትን ስልክም አትርሱ፤ በሆትስፖት ሞክረን እናያለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ቤታችሁ
ጅማ